መውደቅ ሁሉ የሚጥል በሽታ አይደለም

(ለማኅበረሰብ ሬዲዮ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ የቀረበ፣ ለንባብ እንዲመች የተዘጋጀ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በየቤታችን በሹክሹክታ የሚወራ እንጂ በአደባባይ የሚነገር አይደለም። ሰው በድንገት ሲወድቅ፣ ሲንቀጠቀጥና ራሱን ሲስት ያያችሁ ብዙ ናችሁ። በሠርግ ቤት፣ በለቅሶ ቤት፣ በዑልፓን ክፍል ወይም በአውቶቡስ መቆሚያ አይታችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ አንዱ «የሚጥል በሽታ ነው፣ አትንኩት» ይላል። ሌላው «ዛር ነው፣ የሚጠይቀውን ስጡት» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ተዋት፣ ሆን ብላ ነው» ብሎ ፊቱን ያዞራል። እነዚህ ሦስት ፍርዶች ስለ አንድ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ሲሰጡ ሰምቻለሁ። ሦስቱም የተሳሳቱ ሊሆኑ እንደሚችሉ፣ ስሕተቱም ሰውን እንደሚጎዳ ነው ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው።

አንዲት እናት

የማወራላችሁ ታሪክ ከብዙ ቤት የተሰበሰበ ነው። ስለዚህ «ይህቺማ እገሌ ናት» ብላችሁ ጎረቤታችሁን አትፈልጉ።

እዚህ ያቭነ የምትኖር አንዲት እናት አስቡ። በ1984 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ገና የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች ከወላጆቿ ጋር ከጎንደር አገር ተነሥታ በእግሯ ወደ ሱዳን ወረደች። በመጠለያው ሰፈር ታናሽ ወንድሟ ሞተ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ በሌሊት ተቀበረ፤ እናቱም ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ወደ እስራኤል ገባች፣ አደገች፣ አገባች፣ አራት ልጆች ወለደች፣ በጽዳት ሥራ ቤቷን ረዳች። ስለ ሱዳን ግን ለልጆቿ አንድ ቀን ተናግራ አታውቅም። «ምን ያደርግላቸዋል?» ትላለች።

የበኩር ልጇ ወደ ጦር ሠራዊት የገባ ዕለት ማታ፣ ወጥ እየሠራች ሳለች ወደቀች። ዓይኗን ጨፍና፣ ራሷን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች፣ እጅና እግሯ እየተንፈራገጠ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየች። ልጆቿ ጮኹ፤ አምቡላንስ መጣ። በሚዮን መርፌ ተወጋች፤ ሲነጋ «ፒርኩስ» የሚል ወረቀት ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ፒርኩስ ማለት በዕብራይስጥ እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ ነው። ከዚያም ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ክኒን ታዘዘላት።

ክኒኑን በሥርዓቱ ዋጠች፤ መውደቁ ግን አልቀረም። መጠኑ ተጨመረ፤ እንዲያውም ባሰባት። ሁለተኛ መድኃኒት ተደረበ። ቀኑን ሙሉ ስለሚያደነዝዛት ሥራዋን ተወች። በሦስተኛው ዓመት ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ «ከመጀመሪያው መውደቅ በፊት ምን ሆኖ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። የምታስተረጉመው የአሥራ አራት ዓመት ልጇ ነበረች። እናትየው ልጇን አየቻት፤ «ምንም አልሆነም» ብላ መለሰች። ልጅቱም «ምንም» ብላ ተረጎመች።

ከዚህ «ምንም» ከሚለው ቃል በስተኋላ የነበረው ነገር ነው በሽታው። ወደ እርሱ እንመለሳለን።

የሚጥል በሽታ ምንድን ነው?

በመጀመሪያ የሚጥል በሽታን እንወቅ፤ ሐኪሞች ኤፒለፕሲያ ይሉታል። አንጎላችን ሥራውን የሚሠራው በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክቶች ነው። ገበያ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ነገር እንደሚነጋገር፣ የአንጎል ሕዋሳትም በየፊናቸው ይላላካሉ። በሚጥል በሽታ ጊዜ ግን ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ጩኸት ይጮኻሉ። ያን ጊዜ ሰውየው ይወድቃል፣ ሰውነቱ ይገተራል፣ ይንቀጠቀጣል። አንዳንዱ ደግሞ ሳይወድቅ ለጥቂት ሴኮንድ ፈዞ ይቀራል።

ምክንያቱ ብዙ ነው። በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ የማጅራት ገትር፣ በራስ ላይ የደረሰ አደጋ፣ በአንጎል ደም መፍሰስ፣ ዕጢ፣ አንዳንድ ጊዜም የዘር ውርስ ሊሆን ይችላል፤ በብዙ ሰው ግን ምክንያቱ አይገኝም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአረፋው፣ በምራቁ፣ በትንፋሹ አይጋባም። ይህን በትልቁ ጻፉት፤ ምክንያቱም በአገራችን ስንቱ ሰው እሳት ላይ ወድቆ «ይጋባብናል» ተብሎ ሳይነሣ የተቃጠለ ነው!

በሽታው ብርቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ በሽታ እንዳለበት፣ ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ እስከ 70 ከመቶ የሚሆኑት መውደቁ ቀርቶላቸው ሊኖሩ እንደሚችሉ ይናገራል። በኢትዮጵያም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ገጠር ለገጠር ቤት ለቤት ዞረው በ1990 ባወጡት ጥናት፣ ከ1000 ሰው አምስት የሚያህለው የሚጥል በሽታ እንዳለበት አግኝተዋል። እንግዲህ አንድ ትልቅ ሰፈር ብትቆጥሩ በውስጡ ጥቂት ሰዎች አይጠፉም ማለት ነው።

ሌላኛው መውደቅ

አሁን ወደ ሁለተኛው እንምጣ። ከውጭ ሲታይ የሚጥል በሽታን የሚመስል፣ ነገር ግን በአንጎል ውስጥ ያ የኤሌክትሪክ ጩኸት የሌለበት መውደቅ አለ። ሐኪሞች «ዲሶሲየቲቭ» ወይም «ፈንክሽናል» ይሉታል፤ የቀድሞዎቹ ደግሞ «ከሥነ ልቦና የሚመጣ» ይሉት ነበር። በእኛ አነጋገር ከልብ ጭንቀት የሚመጣ መውደቅ ልንለው እንችላለን።

እንዴት ይሆናል? በክረምት ቤታችሁ ውስጥ የውኃ ማሞቂያውን ዱድ፣ የክፍሉን ማሞቂያና ምድጃውን በአንድ ጊዜ ብታበሩ የመብራቱ ቁልፍ ራሱ ወርዶ ቤቱ ይጨልማል። ሽቦው አልተቃጠለም፤ ጭነቱ ስለበዛ ነው ቁልፉ የወረደው። በሚጥል በሽታ ችግሩ ከራሱ ከሽቦው ነው። በዚህኛው መውደቅ ግን ሽቦው ደኅና ነው፤ ሰውየው ከሚችለው በላይ ስለተጫነበት አእምሮው ለጥቂት ጊዜ ከሰውነቱ ይለያያል። ምሳሌው በሁሉ ነገር ልክ ባይሆንም አንድ ነገር ያስተምረናል፦ ጭነት የበዛበትን ቤት ሽቦውን በመቀየር አታድኑትም። የሚጥል በሽታ ክኒንም ይህን መውደቅ የማያስቀረው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ በጣም አስጠነቅቃችኋለሁ። «ከጭንቀት የመጣ» ማለት «የውሸት» ማለት አይደለም። ሰው ሲያፍር ፊቱ እንደሚቀላ፣ ሲፈራ ልቡ እንደሚመታ፣ መርዶ ሲሰማ ጉልበቱ እንደሚከዳው ያለ ነገር ነው። ማንም ሰው «አሁን ልቤ ይምታ» ብሎ አያዝዝም። ይህችም እናት «አሁን ልውደቅ» አላለችም። ትወድቃለች፣ ትጎዳለች፣ ታፍራለች፤ ሥራዋንም አጥታለች። «ሆን ብላ ነው» የሚላት ሰው በቁስሏ ላይ ጨው ይነሰንሳል።

ብቻዋንም አይደለችም። የሚጥል በሽታን ለይተው ወደሚያክሙ ማዕከሎች «መድኃኒቱ አልሠራም» ተብለው ከሚላኩት ሰዎች ከአምስቱ አንዱ፣ በአንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ፣ ይህኛው መውደቅ ያለባቸው ሆነው ይገኛሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ወንዶችም ግን አሉ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከጦር ግንባር የተመለሱ ጎበዝ ወታደሮች በዚህ ዓይነት ይንቀጠቀጡና ይወድቁ ነበር። የፈሪነት ምልክት እንዳልሆነ ከዚህ እወቁ። ትክክለኛው ምርመራ እስኪገኝም ረጅም ጊዜ ይወስዳል። በ2002 በታተመ አንድ የጀርመን አገር ጥናት ከመጀመሪያው መውደቅ እስከ ትክክለኛው ምርመራ በአማካይ ሰባት ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ የማይሠራ ክኒን መዋጥ ማለት ነው።

በምን ይለያሉ?

ሐኪሞች ሁለቱን ለመለየት የሚረዷቸው ምልክቶች አሉ። እናንተም ብታውቋቸው ያያችሁትን ለሐኪም በደንብ ለመናገር ይጠቅማችኋል።

አንደኛ፣ ዓይን። በሚጥል በሽታ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ዓይን እንደ ተከፈተ ይቀራል፤ በሌላኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተጨፈነ ነው፤ ሊከፍቱት ቢሞክሩም ይጠብቃል።

ሁለተኛ፣ ጊዜ። የሚጥል በሽታ መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ያበቃል። ሌላኛው ግን አምስት፣ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል፤ በመካከል ጋብ እያለ እንደገና ይነሣል።

ሦስተኛ፣ አኳኋኑ። በሚጥል በሽታ ሰውነት መጀመሪያ ይገተራል፤ ከዚያ እጅና እግር አብረው በአንድ ምት ይንቀጠቀጣሉ፤ ወደ መጨረሻው ምቱ እየተራራቀ ሄዶ ያቆማል። በሌላኛው ራስ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ እጅና እግር የየራሳቸውን ይሄዳሉ፣ አንዳንድ ጊዜም በመካከል ለቅሶ ይሰማል።

አራተኛ፣ ምላስ። የምላስ ጎን በኃይል ከተነከሰ ብዙውን ጊዜ የሚጥል በሽታን ያመለክታል። ሽንት ማምለጥ ግን በሁለቱም ሊሆን ስለሚችል አይለይም።

አምስተኛ፣ ከዚያ በኋላ ያለው። ከሚጥል በሽታ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እያንኮራፋ በከባዱ ይተነፍሳል፣ ይተኛል፣ ሲነቃም ግራ ይገባዋል። ከሌላኛው የተነሣ ሰው አንዳንድ ጊዜ ቶሎ ይነቃል፤ በዙሪያው የተባለውንም በከፊል ሊያስታውስ ይችላል። ስለዚህ በወደቀ ሰው ራስጌ ቆማችሁ ክፉ አትናገሩ፤ ሊሰማችሁ ይችላል።

ነገር ግን ልብ በሉ! ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ብቻውን አይበቃም። ሐኪም እንኳ በዓይኑ ብቻ አይቶ ሊሳሳት ይችላል። ሁለቱም በሽታ በአንድ ላይ ያለባቸው ሰዎችም አሉ። ስለዚህ ይህን ጋዜጣ ይዛችሁ ጎረቤታችሁ ላይ አትፍረዱ።

ቁርጡን የሚያሳውቀው ምርመራ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚቀዳው መሣሪያ ነው። ሐንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1924 የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዳ፤ በ1929ም ለዓለም አሳወቀ። ዛሬ በሽተኛው ሆስፒታል ተኝቶ በራሱ ላይ ሽቦዎች ተለጥፈውለት፣ በካሜራ እየተቀረጸ መውደቁ እስኪመጣ ይጠበቃል። ሲወድቅ የአንጎሉ ኤሌክትሪክ ከተናወጠ የሚጥል በሽታ ነው፤ ካልተናወጠ አብዛኛውን ጊዜ ሌላኛው ነው። መውደቅ በሌለበት ሰዓት ለግማሽ ሰዓት ብቻ የሚደረገው ምርመራ ግን ደኅና ቢሆንም የሚጥል በሽታ የለም ማለት አይደለም። የራስ ፎቶግራፍም እንደዚሁ ነው።

ስለ ዛር አንድ ቃል

ይህን ርዕስ አንሥቼ ስለ ዛር ዝም ብል ሐሰተኛ እሆናለሁ። በጎንደር ዛር የታወቀ ነገር ነው፤ ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ ስለ ዛር ሰፊ ጽሑፍ ጽፏል። እዚህ አገርም ሐኪሞቹ ኒምሮድ ግሪሳሩ፣ ዳኒ ቡዶቭስኪና ኤሊዔዘር ዊትስቱም በ1997 ከኢትዮጵያ በገቡት መካከል ስለሚታየው ዛር ጽፈው፣ የአእምሮ ሕመም ነው ወይስ የባህል ነገር ብለው ጠይቀዋል። ሐኪሞች ስለ ዛር መጠየቃቸው መልካም ነው። «ዛር አለብኝ» ያለ ሁሉ እብድ ተብሎ እንዳይጻፍበት ይረዳል።

እኔ ስለ እምነታችሁ ለመፍረድ አልመጣሁም። አንድ ነገር ግን አስተውሉ። ዛር ያለባት ሴት ስትወድቅ ቤተሰቡ ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ «ምን ትፈልጊያለሽ? ምን በደልንሽ?» ተብላ ትጠየቃለች። ዓመቱን ሙሉ ምን ትፈልጊያለሽ ተብላ የማታውቅ ሴት ያን ቀን ትጠየቃለች። አያቶቻችን በራሳቸው መንገድ አንድ እውነት ሳያውቁ አልቀሩም፦ ሰው ሆዱ የያዘውን አፉ ካልተናገረው፣ ሰውነቱ ይናገረዋል።

አደጋው ግን እዚህ ነው። ቂርያት ማላኺ ያለ አንድ ወጣት አስቡ። ይህም ታሪክ ከብዙ ቤት የተሰበሰበ ነው። እውነተኛ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ክኒኑም አስተካክሎት ነበር። ዘመድ መጥቶ «ይህ የዛር ነገር ነው፣ ክኒኑ ያስቆጣዋል» አለ። ክኒኑ በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። ከሳምንት በኋላ ገላውን እየታጠበ ወደቀ፤ በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር። በጊዜ ስለደረሱለት ተረፈ። የሚጥል በሽታ መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ተከታታይና የማያቆም መንቀጥቀጥ ያስነሣል፤ ያም ይገድላል። ቡናችሁን አፍሉ፣ ዘመድ ሰብስቡ፣ ጸልዩ፤ ክኒኑን ግን ያለ ሐኪም ቃል አትንኩ።

ይህ ትእዛዝ ከጭንቀት ይወድቃሉ ለተባሉትም ይሠራል። መድኃኒቱ የማያስፈልግ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የማያስፈልግ መድኃኒት ያለ ጉዳት አይዋጥም። ለምሳሌ ዴፓለፕት በሚል ስም የሚሸጠው ቫልፕሮየት በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ በፅንሱ ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ልትወልዱ የምታስቡ ሴቶች ይህን ለሐኪማችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ረጅም የጭንቀት መንቀጥቀጥ ደግሞ በሚዮን የሚጥል በሽታ መስሎ ከታየ፣ በጠንካራ የማደንዘዣ መርፌና በመተንፈሻ ቱቦ እስከ መታከም ሊያደርስ ይችላል። ትክክለኛው ስም መታወቁ የሕይወት ጉዳይ ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ወደዚያች እናት እንመለስ

ልጅቱ «ምንም» ብላ ተረጎመች ብለን ነበር። ሐኪሙ አስተዋይ ሰው ነበርና ሁለተኛ ቀጠሮ ሰጠ፤ «በሚቀጥለው ልጅሽን አታምጪ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ እናመጣለን» አላት። በቀጠሮው ቀን አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ አስተርጓሚ አብረዋት ተቀመጡ። ያው ጥያቄ ተጠየቀች። መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥሎ «እናቴ እንዳላለቀሰች እኔም አላለቀስኩም» አለች። ከዚያ ስለ ወንድሟ፣ ስለዚያ ሌሊት፣ ልጇ የወታደር ልብስ ለብሶ ከበሩ ሲወጣ የወንድሟ ፊት እንደ ታያት ተናገረች። አርባ ዓመት ያህል የተቆለፈ ነገር ነው የተከፈተው።

ውድ እናቶችና አባቶች፣ በዚያ መንገድ ያለፋችሁት ታውቁታላችሁ። ወደ እስራኤል ለመድረስ በሱዳን መንገድና መጠለያ ከአራት ሺህ የማያንሱ ወገኖቻችን እንዳለቁ ይነገራል፤ በሄርጽል ተራራም የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል። ለሁሉም በዓመት አንድ ቀን እናለቅሳለን። እያንዳንዱ ሰው በሆዱ ስለ ቀበረው ወንድም ግን የሚጠይቅ ብዙ የለም። እኛ ደግሞ «ሆደ ሰፊ» መሆንን እንደ ትልቅ ሙያ ነው የምናየው። ሆደ ሰፊነት መልካም ነው፤ ሆድም ግን ልክ አለው።

በዚህ አገር ብዙ ቤት ውስጥ ልጅ ነው ለወላጅ የሚያስተረጉመው። ለመብራት ክፍያ፣ ለባንክ ወረቀት ይሁን። ለሐኪም ግን አይሁን። እናት ለልጇ የደበቀችውን በልጇ አፍ ልትናገረው አትችልም፤ ልጅም የእናቷን መከራ ተሸክማ ወደ ትምህርት ቤት መሄድ አይገባትም። በ2011 የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማት ለሕዝቡ በቋንቋውና በባህሉ አገልግሎት እንዲያመቻቹ መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ በኩፓት ሆሊም ወይም በሆስፒታል «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ልመና አይደለም። ቀጠሮ ስትይዙ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሕክምናው

ከጭንቀት ለሚመጣው መውደቅ የመጀመሪያው ሕክምና ስሙን በግልጽና በአክብሮት መስማት ነው። «የሚጥል በሽታ የለብሽም፤ መውደቅሽ ግን እውነት ነው፤ ምክንያቱም ይታወቃል» ሲባሉ ከዚያ በኋላ መውደቃቸው የሚቀንስላቸው ወይም የሚቀርላቸው ሰዎች አሉ።

ሁለተኛው የንግግር ሕክምና ነው። ሰውየው ከመውደቁ በፊት በሰውነቱ የሚሰማውን ምልክት ማወቅ ይማራል፤ ምልክቱ ሲመጣ ትንፋሹን ቀስ ማድረግን፣ እግሩን መሬት ላይ ረግጦ በዙሪያው ያለውን አንድ በአንድ መቁጠርን ይለማመዳል። ቀስ በቀስም የፈራውን ነገር ፊት ለፊት ማየትን ይማራል። እውነቱን ለመናገር ተአምር አይደለም። በእንግሊዝ አገር 368 ሰዎች የተካፈሉበትና በ2020 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ ይህን ሕክምና የተጨመረላቸው ሰዎች በዓመቱ መጨረሻ በወር የሚወድቁበት ብዛት ካልተጨመረላቸው በግልጽ እንዳልተለየ አሳይቷል። ነገር ግን ሳይወድቁ የሚቆዩበት ጊዜ ረዘመላቸው፣ ጭንቀታቸው ቀነሰ፣ የኑሮ አቅማቸው ተሻሻለ። ለአንዲት እናት ወደ ሥራዋና ወደ ጓዳዋ መመለስ ትንሽ ነገር ነው እንዴ?

ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የአእምሮ ጤና ሕክምናን የመስጠት ኃላፊነት ወደ ኩፓት ሆሊሞቹ ተላልፏል። ክላሊት፣ መካቢ፣ መኡሔዴትና ለኡሚት ሁሉም ግዴታ አለባቸው። ከቤተሰብ ሐኪማችሁ ጀምሩ። ወደ ነርቭ ሐኪም የሚያስልከውን ወረቀት፣ ሃፍናያውን፣ ጠይቁ። ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ቢልካችሁ «እብድ አሉኝ» ብላችሁ አትሽሹ። ተራው ረጅም ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ቶሎ ተመዝገቡ።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ ሦስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። አንደኛ፣ መውደቁን በዓይኑ ያየ ትልቅ ሰው። ሁለተኛ፣ ዛሬ ሁሉም ሰው ስልክ በእጁ ይዟልና፣ ሰው ሲወድቅ አንዱ እየረዳ ሌላው ፊትና ሰውነቱ በደንብ እንዲታይ አድርጎ ይቅረጸው። ይህ ለሐኪሙ ብቻ የሚታይ ነው፤ ለዘመድና ለጓደኛ የሚላክ አይደለም። ሦስተኛ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስንት ደቂቃ እንደ ቆየና ከዚያ በፊት ምን እንደ ነበረ የጻፋችሁበት ደብተር።

ሰው ሲወድቅ ምን እናድርግ?

የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ ባታውቁም የመጀመሪያ እርዳታው አንድ ነው። ይህን ቆርጣችሁ ፍሪጅ ላይ ለጥፉት።

እሳት፣ የፈላ ነገር፣ ስለት ካጠገቡ አርቁ። ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ። የአንገት ልብሱን አላሉ። ሰዓት ተመልከቱ። በኃይል ይዛችሁ መንቀጥቀጡን ለማስቆም አትሞክሩ። ማንኪያ፣ ጣት፣ ጨርቅ በአፉ አታስገቡ፤ ምላሱን አይውጠውም። ውኃ አታጠጡት። ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት፤ አይረዳም፣ ያቃጥላል። መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኑ አስተኙት። እስኪነቃ አጠገቡ ሁኑ፤ ሰው አይከበበው። በለስላሳ ድምፅ «አይዞህ፣ እዚህ ነን» በሉት። ሆን ብሎ ነው ብላችሁ አትቆንጥጡት፣ አትጩኹበት።

መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ሁለተኛ ከጣለው፣ ከተጎዳ፣ ውኃ ውስጥ ከወደቀ፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም በሕይወቱ የመጀመሪያው ከሆነ ወደ ማገን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ። መኪና የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ሐኪም እስኪፈቅድላችሁ አትንዱ።

ያች እናት ዛሬ

ዛሬም አልፎ አልፎ ትወድቃለች። ግን በወር አምስት ጊዜ የነበረው በስድስት ወር አንድ ጊዜ ሆኗል፤ ሲመጣም ታውቀዋለች፣ ትቀመጣለች፣ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ክኒኖቹ በሐኪም እጅ አንድ በአንድ ቀርተዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ ባለፈው ሲግድ ዕለት ከኢየሩሳሌም ሲመለሱ ልጆቿን አስቀምጣ ስለ አጎታቸው ነገረቻቸው። ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙ። ትንሿ ልጅ «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽንም?» ብላ አለቀሰች፤ እናትየውም አብራት አለቀሰች። በዚያ ሌሊት ያልተለቀሰው ለቅሶ ያን ቀን ተለቀሰ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካላችሁ አትደብቁት፤ ክኒኑን በሰዓቱ ስጡት፣ ወደ ትምህርት ቤት ላኩት፣ ሲደርስም ዳሩት። ክኒን የማያድነው መውደቅ ያለባት እናት ወይም እኅት ካለቻችሁ ደግሞ አትፍረዱባት፤ ትክክለኛውን ምርመራ እንድታገኝ አብራችኋት ሂዱ። እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ ቡና ስታፈሉ አጠገባችሁ ያለውን ሰው፣ ሳይወድቅ በፊት፣ «ሆድህ ምን ይዟል?» ብላችሁ ጠይቁት።